ያልተላከች ልጅ

መንደሩ ሁሉ ምህረቴን «ሁለት ራስ» ይላት ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም፤ መሳቁን ግን ስቄያለሁ። ልጇ ውዴ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ የፊት ጥርሷ ሊወልቅ እየተነቃነቀ፣ ገና ከእናቷ ጀርባ አልወረደችም ነበር። አንቀልባው ጠቧት እግሯ ከእናቷ ጉልበት በታች ይንጠለጠላል። ከሩቅ ያያቸው ሰው አንዲት ሴት ሁለት ራስ ይዛ የምትሄድ ይመስለዋል።

እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ። ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው መንደር ሙሽራ ሆኜ ስገባ ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅላል፤ አጥሩም ድልድዩም ቀርከሃ ነው። የመጣሁ ሰሞን ከሁሉ ቀድማ እንጀራ ይዛ የጠየቀችኝ ምህረቴ ናት። ያን ቀንም ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ነበረች፤ እኔም የታመመች ልጅ መስላኝ «እግዜር ይማርልሽ» አልኳት። ምህረቴ ተቀየመችኝ።

ነገሩን በኋላ ሰማሁ። ከውዴ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳ ሁለቱንም በአንድ ክረምት ኩፍኝ ወስዶባታል። ውዴ ስትወለድ ምህረቴ አንቀልባውን አጥብቃ አሰረችው፤ ከዚያ ወዲያ አልፈታችውም ማለት ይቻላል። ኩፍኝ በአንቀልባ እንደማይመለስ አታውቅም ነበር አልልም። ሐዘን የያዘውን ሰው ግን ማን ያስረዳዋል? ልጅቱን በእጇ ታጎርሳታለች፣ እግሯን ታጥባታለች፣ መቀነቷን ታስርላታለች፤ ደጅ ልትወጣ እንኳ ብትል እጇን ይዛ ታደርሳታለች። ውዴ አፏን ከፍታ መጠበቅ እንጂ እጇን ወደ ገበታ መዘርጋት አልለመደችም።

በእኛ አገር ልጅ አምስት ዓመት ከሞላው እሳት ይጭራል። ጠዋት ምድጃው ጠፍቶ ካደረ ገል ይሰጡትና ጎረቤት ሄዶ ፍም ይዞ ይመጣል። አንድ ሁለቴ ጣቱን ይለበልበዋል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ በኋላ አያያዙን ያውቃል። ሌላው ሥራው መላክ ነው። ትልቅ ሰው ልጅን ሲልክ መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይህቺ ምራቅ ሳትደርቅ ደርሰህ ና» ይለዋል፤ ልጁም በርሮ ይሄዳል። ምራቁማ ገና ልጁ አጥሩን ሳይሻገር ይደርቃል፤ ላኪው ግን ልጁ ሲመጣ አይቶ በስውር ሌላ እንትፍ ይልና «አይ ጎበዝ! አየህ፣ አልደረቀችም» ብሎ ይመርቀዋል። ሁላችንም በዚህች ውሸት ነው ያደግነው። መቼም ማንም ሳያስረዳን፣ ከመላክ ብዛት፣ ጨዋታ መሆኑ ይገባናል።

ውዴ ይህን ሁሉ የምታየው ከእናቷ ጀርባ ሆና ነው። የእኔ ባለቤት ታናሽ ወንድም ነጋ ሲላክ፣ ሲሮጥ፣ ሲመለስ፣ ሲመረቅ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ራሷ ግን አንድ ቀን ተልካ አታውቅም።

ፈርታ አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። አንድ ጠዋት ምህረቴ ላም ስታልብ ውዴ ገል አንሥታ ብቻዋን ወደ ድልድዩ ስትሄድ አይቻታለሁ። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት እማማ በቀለች ናቸው፤ እሳት ልትጭር እርሳቸው ቤት መሄዷ ነው። አካሄዷን ባያችሁት። ደረቷን ነፍታ፣ ገሏን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ቄስ ቀስ እያለች ነበር። ድልድዩ ላይ አንድ እግሯን እንዳሳረፈች ምህረቴ የወተቱን ጮጮ ጥላ ሮጠች፣ ከኋላ አንቃ ያዘቻት።

«ብትወድቂስ? ውኃው ቢወስድሽስ? እኔ ከዚያ ወዲያ ምን እሆናለሁ? እንድሞት ነው የምትፈልጊው?» እያለች ታለቅሳለች።

ገሉ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ውዴም አለቀሰች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ድልድዩ ስትደርስ ፊቷን የእናቷ ጀርባ ላይ ትደፋለች። ልጅ ፍርሃትን ከጡት ጋር ነው የሚጠባው፤ እናቱ ካላጠባችው ከየት ያመጣዋል?

እማማ በቀለች ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። የመንደሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱት እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉንም እንደ ልጃቸው ይቆጣሉ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ መጡና ምህረቴ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» አሉ። «ያንቺ መቼ ነው የሚሄደው?»

«አንዲት ናት እኮ እማማ። የቀበርኳቸውን እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። የሞቱት ግን በመራመዳቸው አይደለም። እስቲ ነገ እሳት ትጫር። እኔ ከወዲህ ቆሜ እጠራታለሁ፣ አንቺ ከወዲያ ቁሚ። በሁለታችን ዓይን መካከል ምን ትሆናለች?»

«እሺ፣ ነገ» አለች ምህረቴ።

ነገ ዘነበ። በማግስቱ ድልድዩ አንሸራተተ። ከዚያ ውዴን ጉንፋን ያዛት። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ አለቀ። ባሏ አዝመራው፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ከፈረሱ ጋር የሆነ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ «ይህችን ልጅ መሬት አስነኪያት» ብሎ ነበር። ምህረቴ ስታለቅስበት ወጥቶ ፈረሱን ማሻሸት ጀመረ። እኔ ግን እላለሁ፣ ያን ጊዜ ፈረሱን ትቶ ልጅቱን ይዞ ድልድዩን ቢያሻግራት ይሻል ነበር።

በዚህ መካከል ምህረቴ ፀነሰች። ከስንት ዓመት በኋላ! ሆዷ ሲገፋ አንቀልባው አልበቃ አላት፤ ውዴም በግድ መሬት ነካች። ቢሆንም የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ነው የምትሄደው። ምህረቴ ስትቀመጥ ትቀመጣለች፣ ስትነሣ ትነሣለች። «ወንድም ነው የምትወልጅልኝ?» እያለች ሆዷን ትዳስሳለች። ምህረቴ እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

የካቲት ውስጥ ነው፤ የጥሊሊ ገበያ ቀን። መውለጃዋ ገና ነው ተብሎ አዝመራው ለገንፎዋ ቅቤና በርበሬ ሊገዛ ሄደ። ሊቀር ብሎ ነበር፤ ራሷ ናት «ሂድ፣ ገና ነኝ» ብላ የሸኘችው። እኛም ሁላችን ሄድን። ነጋ እንኳ በግ እየነዳ ከእኛ ጋር ነበር። መንደሩ ውስጥ የቀሩት በዕድሜ ምክንያት ገበያ የተዉት እማማ በቀለች ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም ከወንዙ ማዶ። እኔ ሽንኩርት እየመረጥኩ ከሻጯ ጋር ስከራከር ምህረቴን ምጥ ያዛት።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ከፊሉን ደግሞ እማማ በቀለች።

መጀመሪያ ወገቤን ነው ብላ ተቀመጠች። ኋላ ግን የፈሰሰውን የሽርት ውኃ አየች። ወጥታ ልትጣራ ሞከረች፤ ነፋስ ነበር፣ ማዶም አይሰማም። ድልድዩን ራሷ እንዳትሻገር እግሯ አልታዘዝ አላት። ምሰሶ ይዛ ቆመችና ልጇን አየች። ውዴ ቀሚሷን ጨብጣ ቆማለች።

«ውዴ፣ እማማ በቀለችን ጥሪልኝ። እናቴን ምጥ ይዟታል በያቸው።»

«አብረን እንሂድ።»

«እኔ አልችልም ልጄ።»

«ድልድዩ ውኃ ውስጥ ይጥለኛል።»

«አይጥልሽም።»

«አንቺ ነሽ ይጥልሻል ያልሽኝ።»

 ምጡ መጥቶ ጎንበስ አደረጋትና ሲለቃት፣ ሌላው ሰው ልጅ የሚልከው እንዴት እንደሆነ ትዝ አላት። እየዳኸች ደጃፉ ጋ ደረሰች። እንትፍ አለች።

«ይህቺ ምራቅ ሳትደርቅ ደርሰሽ ነይ። እሺ የኔ እናት? ሳትደርቅ።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ይህን ሲሰማ እግሩ በራሱ ይነሣል። ውዴ ግን የጨዋታውን መጨረሻ አታውቀውም፤ የሰማችው የእናቷን ድምፅ ነው። እናቷ በዚህ ድምፅ የምትናገረው ስለ ውኃ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ገደል ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ ይህቺ ምራቅ ከደረቀች አንድ ክፉ ነገር ይመጣል ማለት ነው፤ ውዴ እንደዚያ ነው የተረዳችው። «ከደረቀች እማ ትሞታለች ብዬ ነበር» ብላለች ለእማማ በቀለች።

እስከ አጥሩ በር ሄደች። ዞር ብላ አየች፤ ምራቁ ከዚያ አይታይም። ተመለሰች። የየካቲት ፀሐይ ነው፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ምራቁ ዳር ዳሩን መሰብሰብ ጀምሯል። እንደገና ሮጣ እስከ በሩ ሄደች። እንደገና ተመለሰች፤ ይብሱን አንሷል። ያን ጊዜ በቅል ውኃ ቀድታ አመጣችና ጠብ ጠብ አደረገችበት። ቁጭ ብላ ጠበቀች። መሬቱ ሲጠጣው ሌላ ቀዳች። ጥላ እንዲሆንለት በነጠላዋ ጫፍ ከለለችው።

ምህረቴ ውስጥ ሆና ምጡ ፋታ በሰጣት ቁጥር ጆሮዋን ትጥላለች። አሁን ድልድዩን አለፈች፤ አሁን ደረሰች፤ አሁን እማማ በቀለች ነጠላቸውን እየፈለጉ ነው፤ አሁን እየመጡ ነው። በሐሳቧ እንዲህ እየሄደች፣ እንዲህ እየተመለሰች ቆየች። በመጨረሻ ደጅ የእግር ኮቴ ሰማች።

«እማማ መጡ?»

«አልመጡም» አለች ውዴ።

«ምን ሲሉ?»

«እኔ አልሄድኩም። ምራቁ ሊደርቅ ነበር እማ። ውኃ እያጠጣሁት ነው። አይዞሽ፣ እስካሁን አልደረቀም።»

ምህረቴ ጮኸች። ምን ብላ እንደጮኸች አታስታውስም። ውዴ ቅሉን ጥላ ሮጠች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቆማ መሻገር አቃታትና በሆዷ ተሳበች፤ የቀርከሃው ስንጥር ጉልበቷን እየላጠው ተሻገረች። ተሻገረች እኮ! እማማ በቀለች ቤት ገብታ «እማን ምጥ ይዟታል» አለች፤ እንደ ማንኛውም የተላከ ልጅ መልእክቷን አድርሳለች። ይህን ሳስብ ነው ከሁሉ የሚብሰኝ። ትችል ነበር።

እማማ በቀለች ሲደርሱ ሕፃኑ ተወልዷል። ወንድ ነው። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ምህረቴ ልትፈታው ሞክራ አልሆነላትም። እማማ በቀለች ፈቱት፤ አፉን ጠረጉት፣ እፍ አሉበት፣ አሹት፣ ማርያምን ለመኑ። እኒያ እጆች ስንቱን እንዲህ ሆኖ የመጣ ልጅ አስለቅሰዋል፤ እኔንም ኋላ የመጀመሪያ ልጄን አስታቅፈውኛል። ይኸኛው ግን አላለቀሰም።

«ጥቂት ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮ» አሉ። ለማንም ብለው አልነበረም፤ ለራሳቸው ነው።

ምህረቴ ሰማች። ቀና ስትል ውዴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጉልበቷ ደምቷል፤ ሕፃኑን ለማየት አንገቷን አስግጋለች።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው» አለቻት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እማማ በቀለች «ምን ማለትሽ ነው!» ብለው ተቆጡ፤ ቃሉ ግን ሄዷል። ውዴ አላለቀሰችም። ዞር ብላ ወጣችና የጣለችውን ቅል አንሥታ ቦታው መለሰችው።

እኛ ማታ ስንመለስ ሁሉ ነገር አልቋል። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርምና አዝመራው በማግሥቱ ከጓሮ ቀርከሃው ሥር ቆፈረለት። ቅቤው እንደተጠቀለለ ቀረ። እኔም ምህረቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ የገዛሁትን ሽንኩርት ልጥኩ።

የቀብሩ ማግሥት ጠዋት ውዴ ገል ይዛ ድልድዩን ተሻግራ እሳት ጭራ መጣች። ማንም አልላካትም። በማግሥቱም እንደዚያው። በሳምንቱ መቀነቷን ራሷ ታስራለች፣ እግሯን ራሷ ትታጠባለች፣ ከገበታው በራሷ በኩል ያለውን ብቻ ቆርሳ ትበላለች። ምህረቴ ስታጎርሳት እጇን ጋረድ አድርጋ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ክረምት ሲገባ ውኃ ቀድታ፣ ጥጃ አግታ፣ ቤት ጠርጋ የምታድር ልጅ ሆነች። ሰው ሁሉ «ልጅ ማለት የምህረቴ ልጅ!» አለ። ሁለት ራስ ሲሏት የነበሩት ናቸው። እኔ ሙገሳው ያንገሸግሸኝ ነበር፤ ልጅ እንዲህ በአንድ ጊዜ አያድግም፤ ካደገ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ምህረቴ ያን ቃል ልትመልሰው ያልሞከረችበት ቀን የለም። አንድ ጊዜ ልጅቱን አስቀምጣ «አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ። አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ ያላስተማርኩሽ» ብላ አለቀሰች። ውዴ «እሺ እማ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ጥጃውን ልታስር ሄደች። «እሺ» የምትለው እናቷን ለማሳረፍ እንጂ አምና አልነበረም፤ ምህረቴም ይህን አውቃዋለች።

«ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር» ትለኛለች። «ብትሰድበኝ። እሷ ግን ከእኔ አንድ ነገር አትፈልግም።»

እማማ በቀለችን ምን ላድርግ ብላ ጠየቀቻቸው። 

«ልጅ መራመድ ሲያቅተው ማስተማር እችላለሁ» አሉ። «መደገፍ የተወን ልጅ ግን እንዴት ብለው እንደሚያስተምሩት አላውቅም።»

ምህረቴ ሌላ ልጅ አልወለደችም። ውዴ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ዳንግላ የሚኖረው አጎቷ ዓለምነው መጣ። ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት አለ፤ ሴትም ትማራለች፤ ከእኛ ጋር ትቀመጥ አለ። አዝመራው ምህረቴን አየ። ሁላችንም እንቢ ትላለች ብለን ነበር። ምህረቴ ግን «ልጅቱን ጠይቋት» አለች። ውዴ «እሄዳለሁ» አለች፤ ከዚያ ለእናቷ ብላ «በዓል በዓል እመጣለሁ» ብላ ጨመረች።

የምትሄድ ዕለት እኔም ልሸኛት ሄጄ ነበር። ምህረቴ ከሌሊት ጀምሮ ስትዘጋጅ ያደረች ሰው ናት፤ ግን የምትሠራው ነገር አጥታ ግቢው ውስጥ ትዞራለች። ፀጉሯን ልትሠራላት ፈልጋ ነበር፤ ውዴ ትናንት ከጓደኞቿ ጋር ተሠርታለች። ስንቅ ልትቋጥርላት ብላ ነበር፤ ውዴ በሶዋን ራሷ አዘጋጅታለች። እግሯን ልታጥባት ውኃ አሙቃ ነበር፤ ውዴ ራሷ ታጥባ ጨርሳለች። ልብሷንም በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ፣ ጥብቅ አድርጋ አስራ ደጃፉ ላይ አስቀምጣዋለች። አዝመራው ፈረሱን ይዞ ቆሟል።

ምህረቴ ልጇ ፊት ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

«ምን ላድርግልሽ?» አለቻት።

ውዴ አሰበች። የምር ነው ያሰበችው፤ ዙሪያውን አየች፣ ራሷን አየች፣ አንድ የቀረ ነገር ስትፈልግ ነበር። አላገኘችም። ያን ጊዜ ጎንበስ አለችና ጥብቅ ያለውን ቋጠሮ በጥርሷ ይዛ ፈታችው። እንደተፈታ ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ይህን እሰሪልኝ እማ» አለች። «አቃተኝ።»

ምህረቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሰረችው። ውዴ አጠገቧ ቆማ፣ ሥራ የሚሞክር ሕፃንን እንደሚጠብቅ ትልቅ ሰው፣ ሳትቸኩል ጠበቀቻት። ሲያልቅ «ጎበዝ ነሽ፣ ጥሩ አድርገሽ አሰርሽው» አለች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቆማ ብቻዋን ፈረሱ ላይ ወጣች።

እነሱ ከዓይን ሲጠፉ ምህረቴን ደግፌ አስገባኋት። 

«ያን ቋጠሮ» አለችኝ ኋላ፤ «አላልቼ ነው ያሰርኩት። እስካሁን መንገድ ላይ ፈትታ ራሷ መልሳ አስራዋለች።»